የቡና ገቢና የተማሪዋ ምሳ፦ ከጅማ የተገኙ ጥናቶች ምን ያመለክታሉ?

ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከ468 ሺሕ ቶን በላይ ቡና ለውጭ ገበያ አቅርባ 2 ነጥብ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። በቀደመው ዓመት የተገኘው ገቢ 1 ነጥብ 43 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ለአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ከዚህ ሀብት ጉልህ ድርሻ የሚነሣው ከጅማ ዞን፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡና በዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎች የቡና ማሳ ነው።

የጤናና የትምህርትን ኢኮኖሚ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከዶላሩ ቁጥር ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። ቡናው ያመጣው ገንዘብ ወደ ልጆች ጤናና ትምህርት የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? መቼስ ይደርሳል? በማንስ እጅ?

ለጥያቄው መልስ የሚሆን መረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በዚያው በጅማ የተጀመረ ጥናት፣ በቡና አምራች አገሮች ከተካሄዱ ሌሎች ጥናቶች ጋር ተዳምሮ አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። የቤተሰብ ገቢ ማደግ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ልጅ በልቶ ለመማሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ገንዘቡ የሚገባበት ወቅትና በቤት ውስጥ የሚከፋፈልበት ሁኔታ የመጠኑን ያህል ይወስናሉ።

ከሰርቦ፣ ከየቡና ከሼኪ የተሰበሰበው መረጃ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተውን የግብርና ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመውን የጤና ሳይንስ ተቋም በማዋሐድ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ ነው። ሁለቱ ተቋማት ይዘውት የመጡት የግብርናና የጤና ዕውቀት፣ ዩኒቨርሲቲው ከሚከተለው ማኅበረሰብ ተኮር የትምህርት ፍልስፍና ጋር ተደምሮ፣ ተመራማሪዎቹ የዞኑን ነዋሪዎች ኑሮ በቅርበት እንዲያጠኑ አስችሏቸዋል።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ፣ ዩኒቨርሲቲው ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በ1998 ዓ.ም. የጀመረው የጅማ ታዳጊዎችና ቤተሰቦች የረጅም ጊዜ ጥናት ነው። ጥናቱ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ ሁለት ሺሕ ያህል ወንዶችና ሴቶች ልጆችን አካቷል። የተመረጡት ከጅማ ከተማ፣ ከሰርቦ፣ ከየቡና ከሼኪ ትናንሽ ከተሞች፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው። ተመራማሪዎቹ ወደነዚሁ ልጆች ተመልሰው በመሄድ ሕይወታቸው በጊዜ ሂደት እንዴት እንደተለወጠ ተከታትለዋል።

ጥናቱን ከሌሎች ለየት የሚያደርገው የአጠያየቅ ስልቱ ነው። በአብዛኛው የቤተሰብ ጥናት ላይ ስለ ምግብ የሚጠየቀው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ነው። በጅማው ጥናት ግን ልጆቹም ለየብቻ ተጠይቀዋል። ምግብ ያልቅብናል ብለው ሰግተው ያውቁ እንደሆነ፣ በምግብ ወይም በገንዘብ እጥረት የሚበሉትን ቀንሰው እንደሆነ፣ ጭራሽ ሳይበሉ ውለው እንደሆነ፣ ከቤት ውጭ ምግብ ለመለመን ተገደው እንደሆነ ራሳቸው እንዲመልሱ ተደርጓል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሞ የወጣው የዚሁ ጥናት ውጤት ምግብና ትምህርት ምን ያህል እንደተቆራኙ አሳይቷል። የምግብ ዋስትና ካጡት ታዳጊዎች መካከል 33 በመቶው ከትምህርት ገበታ ቀርተው ሲገኙ፣ የምግብ ሥጋት ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ዘንድ ይህ ቁጥር 18 በመቶ ገደማ ነበር። ምግብ ያጠራቸው ልጆች የደረሱበት የክፍል ደረጃም ዝቅ ያለ ነበር። ልዩነቱ ተመራማሪዎቹ ሌሎች የቤተሰብ ሁኔታዎችን ግምት ውስጥ ካስገቡ በኋላም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱ ክትትል ረሃብና ከትምህርት መቅረት አብረው እንደሚሄዱ ያሳያል እንጂ፣ የመቅረቱ ብቸኛ ምክንያት ረሃብ መሆኑን አያረጋግጥም። ምግብ የሚያጥረው ቤት ብዙውን ጊዜ የልጆችን ጉልበትም ይፈልጋል፤ የደብተርና የልብስ ወጪም ይከብደዋል። ሆኖም ውጤቱ በአገር ደረጃ ለሚካሄደው የትምህርት ጥራት ክርክር ትልቅ ትርጉም አለው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተሰማ ጊዜ ክርክሩ በአብዛኛው ያተኮረው በመምህራን ብቃት፣ በመጻሕፍት አቅርቦትና በፈተና አሰጣጥ ላይ ነበር። የጅማው መረጃ ግን ተማሪው ክፍል ከመግባቱ በፊት ቤቱ ውስጥ የሆነውም የትምህርት ጥራት ጉዳይ መሆኑን ያስታውሳል።

በአንድ ጣሪያ ሥር የተለያየ ድርሻ

የጅማው ጥናት እጅግ ያነጋገረው ውጤት የሴቶች ልጆች ጉዳይ ነው። በከፋ የምግብ እጥረት ውስጥ በሚገኝ ቤት የመኖር ዕድላቸው ለወንዶችም ለሴቶችም ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ልጆቹ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ምግብ አጥሮናል ብለው የመለሱት ሴቶች ከወንዶች በዝተዋል። ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ችግሩ በጸናባቸው ቤቶች ነው። በተከታታይ የወጡ ትንታኔዎችም የምግብ እጥረትና ሕመም በሴቶች ታዳጊዎች ላይ ተደራርበው እንደሚገኙ አመልክተዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለፖሊሲ አውጪዎች ቀላል አይደለም። የድጋፍ መርሐ ግብሮች ሲነደፉ የሚቆጠረው ቤተሰብ ነው፤ እህል የሚሰፈረውም፣ ገንዘብ የሚሰጠውም፣ የድህነት ደረጃ የሚለካውም በቤተሰብ ነው። ወደ ቤት የገባው እህል ወይም ገንዘብ በእኩል ይከፋፈላል የሚለው ግምት ግን በጅማ አልጸናም። እጥረት ሲመጣ ቀድሞ የሚቀነሰው የሴት ልጅ ድርሻ ከሆነ፣ በቤተሰብ ደረጃ የተመዘገበው መሻሻል የእርሷን ሁኔታ ላያሳይ ይችላል።

የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ሴት ልጅን መመገብና ማስተማር የሚያስገኘው ጥቅም ወደ ቀጣዩ ትውልድ እንደሚሻገር ደጋግመው ያስረዳሉ። የተማረች እናት ልጆቿን የማስከተብ፣ ወደ ጤና ተቋም የመሄድና ልጆቿን ትምህርት ቤት የማቆየት ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ስሌት ዛሬ ከአንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳህን የጎደለው ነገር የሚያስከትለው ጉዳት በእርሷ ላይ የሚያበቃ አይደለም።

የዋጋ መጨመር ሁልጊዜ መልካም ዜና ነውን?

የቡና ዋጋ ሲያሽቆለቁል አምራቹ እንደሚጎዳ ማንም አይስተውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ የኢትዮጵያ ቡና አምራቾች ከባድ ጊዜ አሳልፈዋል። የኮኮዋ አምራች በሆነችው ኮትዲቯር የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበሬው የሚከፈለው የኮኮዋ ዋጋ በግማሽ ሲቀነስ፣ በአምራች ቤተሰቦች ዘንድ የልጆች የትምህርት ተሳትፎና የሰውነት ዕድገት ተጎድቷል።

ዋጋ ሲጨምርስ? የላቲን አሜሪካ ጥናቶች ያልተጠበቀ መልስ ይዘው መጥተዋል። በኮሎምቢያ የቡና አምራች አካባቢዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ የቡና ዋጋ ከፍ ባለባቸው ዓመታት የሕፃናት ሞት ከፍ ብሎ፣ ዋጋው በወረደባቸው ዓመታት ደግሞ ሞቱ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት በእናቶች ጊዜ ውስጥ ነው። ለሕፃን ጤና የሚያስፈልጉት ብዙዎቹ ነገሮች፣ ማለትም ንጹሕ ውኃ ቀድቶ ማምጣት፣ ማጥባት፣ ለነጻ ክትባት ረጅም መንገድ መሄድ፣ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜን ይሻሉ። የቡናው ዋጋ ሲንር በማሳ ላይ የምትውል እናት የምታገኘው ገቢ ይጨምራል፤ ለሕፃኑ የሚተርፋት ሰዓት ግን ያጥራል።

በብራዚልም በቡና አምራች ወረዳዎች ዋጋ ሲጨምር የልጆች ሥራ እየጨመረ የትምህርት ተሳትፎ እየቀነሰ መሄዱን ሌላ ጥናት አሳይቷል። ቡና ለቃሚ እጅ በሚፈለግበት ጊዜ የልጅ ጉልበትም ዋጋ ያወጣልና።

የኮሎምቢያና የብራዚል ሁኔታ በቀጥታ ወደ ጅማ ሊገለበጥ አይችልም። በጅማ ቡናው የሚለማው በአብዛኛው በአነስተኛ ይዞታ ሲሆን፣ የጉልበት ገበያው፣ የጤና አገልግሎቱም ሆነ የድህነቱ ደረጃ የተለየ ነው። ጥናቶቹ የሚያነሡት ጥያቄ ግን ለጅማም ይሠራል። በዞኑ ቡና የሚለቀመው ከመስከረም መገባደጃ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። የትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ ወራትም እነዚሁ ናቸው። የቀላ እሸት ቡና ጊዜ አይሰጥም፤ በዕለቱ ካልተለቀመና በወቅቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር ልጁን ወይም ልጅቱን ለጥቂት ቀናት ከትምህርት የማስቀረት ፈተናም አብሮ ይጨምራል።

ሊሙ ኮሳና የጤና መድኅኑ ልምድ

ከጤናው ዘርፍ የሚቀሰም ሌላ የአካባቢው ልምድ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ደረጃ ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመርጠው ነበር። ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ በጅማ ዞን የሚገኘው የቡና አምራቹ ሊሙ ኮሳ ነው። በአሠራሩ መሠረት አባላት ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የመንግሥት ድጎማም ይታከልበታል። መክፈል የማይችሉ ድሆች ወጪ በመንግሥት ይሸፈናል።

ከሙከራ ወረዳዎቹ በአብዛኞቹ የተካሄዱ የኢኮኖሚ ጥናቶች መድኅኑ አባላት በመንግሥት ጤና ተቋማት የተመላላሽ ሕክምና የማግኘት ልማዳቸውን ከ30 እስከ 41 በመቶ እንዳሳደገ አረጋግጠዋል። አባል የሆኑ ቤተሰቦች በሕመም ምክንያት ብድር ውስጥ የመግባታቸው ነገርም ቀንሷል። ይህ ለትምህርትም ትርጉም አለው። ቤተሰብ ለሕክምና ሲል ቡናውን ገና በዛፍ ላይ ሳለ በርካሽ ለመሸጥ ወይም በከፍተኛ ወለድ ለመበደር ከተገደደ፣ ለልጆች የሚተርፈው ገንዘብ አስቀድሞ ተበልቷል ማለት ነው።

መድኅኑ ያለ እንከን አይደለም። በጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት እጥረት ሲያጋጥም መዋጮውን የከፈለው አባል ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ለመግዛት ይገደዳል፤ ይህም በሥርዓቱ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል። ከአደረጃጀቱ ግን አንድ ብልኀት መውሰድ ይቻላል። የአባልነት ምዝገባና እድሳት በአመዛኙ አርሶ አደሩ ምርቱን ሰብስቦ ገንዘብ በሚይዝበት ወቅት እንዲካሄድ ይደረጋል። ገንዘብ በእጅ ባለበት ጊዜ የተከፈለው መዋጮ፣ ኪስ በሚነጥፍበት በክረምት ሕመም ሲመጣ ይደርሳል።

የትምህርት ቤት ደወልና የቡና ገንዘብ

ትምህርት ቤት የዚህ ተቃራኒ ነው። ምዝገባው የሚካሄደው፣ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። በቡና ላይ ለተመሠረተ ቤተሰብ ይህ ወቅት ያለፈው ዓመት ገንዘብ የተሟጠጠበት፣ የጎተራው እህል የተመናመነበት፣ አዲሱ ቡና ደግሞ ገና ያልቀላበት ነው። ጥቅምት ገብቶ ገንዘብ መታየት ሲጀምር ደግሞ ለቀማው የልጆችን ጉልበት ይጣራል። ተማሪው በመጀመሪያ በገንዘብ ማጣት፣ ቀጥሎም በሥራ ብዛት ሁለት ጊዜ ይፈተናል።

በጅማ አካባቢ ጫት እየተስፋፋ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆርጦ ይሸጣል፤ ቡና ግን ገንዘቡን በአንድ ወቅት ብቻ ያመጣል። አርሶ አደሩ ሰብል ሲመርጥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚመጣበትን ጊዜም ያሰላል።

ጊዜን ማስተካከል ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ከኮሎምቢያ ዋና ከተማ ከቦጎታ የመጣ ሙከራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው በዚህ ጥናት፣ ለድሃ ተማሪዎች ቤተሰቦች በየሁለት ወሩ ከሚሰጠው ድጋፍ ከፊሉ ተይዞ በቀጣዩ ዓመት የምዝገባ ወቅት እንዲከፈል ተደረገ። የገንዘቡ መጠን ሳይጨመር፣ ለቀጣዩ ዓመት የሚመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር ከፍ አለ፤ በየዕለቱ በክፍል የመገኘት ልማዳቸውም አልቀነሰም።

ድህነትን ለመቀነስ የሚወሰዱ እርምጃዎችን በእንዲህ ያለ የመስክ ሙከራ መመዘን፣ አብሂጂት ባነርጂን፣ ኤስቴር ዱፍሎንና ማይክል ክሬመርን እ.ኤ.አ. በ2019 ለኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያበቃ ስልት ነው። ክሬመር ከባልደረባቸው ጋር በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ በ75 ትምህርት ቤቶች ያካሄዱት የአንጀት ጥገኛ ትላትል መድኃኒት ጥናት፣ ከትምህርት መቅረት በአንድ አራተኛ ገደማ መቀነሱን ዘግቦ ነበር። ግኝቱ በኋላ ብዙ ሙግት ቢያስነሣም፣ የጤናና የትምህርት በጀት ተነጣጥሎ መታየት እንደሌለበት ለማሳሰብ ረድቷል።

ለጅማ ምን ይበጃል?

ከእነዚህ ጥናቶች ተነሥቶ ለጅማና ለአካባቢው የቡና ከተሞች የሚበጁ ቢያንስ ሦስት ጉዳዮችን ማንሣት ይቻላል።

የመጀመሪያው የተማሪዎች ምገባ ነው። በቤት ውስጥ ያለው ክፍፍል ለሴት ልጅ የሚያደላ ካልሆነ፣ በትምህርት ቤት የሚቀርበው ምግብ በቀጥታ ወደ እርሷ እጅ ይደርሳል። በጋና በአገር አቀፍ ደረጃ በተተገበረው የምገባ መርሐ ግብር ላይ የተካሄደ ሰፊ ሙከራ፣ በትምህርት ውጤት ረገድ ይበልጥ የተጠቀሙት ሴቶች ልጆችና የድሃ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል። በኢትዮጵያም አዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን አንሥቶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባን በስፋት ተግብራለች። ጥያቄው በገጠር ቀበሌዎች ጭምር ወጪውን ማን፣ ለምን ያህል ጊዜ ይሸፍናል የሚለው ነው። ዓመቱን ሙሉ ለመመገብ በጀት ካልበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ወራት ቅድሚያ ቢሰጣቸው ምግቡ ልጆቹን በእጥረቱም ሆነ በለቀማው ወቅት ክፍል ውስጥ ሊያቆያቸው ይችላል። የጅማው ጥናት የተመለከተው የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆችን ስለሆነ፣ ምገባው በታችኞቹ ክፍሎች ብቻ ቢወሰን እነዚህን ልጆች ሳይደርስባቸው ይቀራል።

ሁለተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሚና ነው። ማኅበራትና ዩኒየኖች ቡናውን ከሸጡ በኋላ ከትርፋቸው ለአባላት ተጨማሪ ክፍያ የመስጠት ልማድ አላቸው። አባላቱ ከተስማሙበት፣ ከዚህ ክፍያ የተወሰነው ተቀምጦ በነሐሴ ቢሰጥ የቦጎታው ዓይነት ውጤት ሊያስገኝ ይችል ይሆን? ይህ ያለ ብዙ ወጪ በጥቂት ማኅበራት ተሞክሮ ሊመዘን የሚችል ሐሳብ ነው። በዋጋ ንረት ምክንያት የተቀመጠው ብር የመግዛት አቅሙ እንዳይወርድ ግን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛው መረጃ ነው። የጅማው ጥናት በተጀመረበት ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበሩት ታዳጊዎች ዛሬ ሠላሳዎቹን አጋምሰው፣ ብዙዎቹ የልጆች ወላጆች ሆነዋል። በዚያ ዘመን የተገኘው ውጤት ዛሬም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ተለውጧል ማለትም እንዲሁ። ልጆችን ራሳቸውን የሚጠይቅ ተመሳሳይ ዳሰሳ ቢደገም፣ የቡና ገቢ ባደገበት በዚህ ወቅት ምን እንደተሻሻለና ምን እንደቀረ ማየት ይቻላል። የትምህርት ቤቶች የዕለት መቅረት መዝገብ ከጤና ጣቢያዎችና ከቡና ግብይት መረጃ ጋር ቢገናዘብም፣ ዞኑ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቀበሌ፣ የትኞቹ ልጆች ከክፍል እንደሚጠፉ ለማወቅ ሌላ ጥናት እስኪታተም መጠበቅ አይኖርበትም።

ከፍተኛ የቡና ዋጋ ለዘለቄታው አይቆይም፤ ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ታሪክ መውጣትና መውረዱን ደጋግሞ አሳይቷል። ዋጋው ከፍ ባለበት ጊዜ የተሠራ የምገባ ማእድ ቤት፣ መድኃኒት የማይጠፋበት ጤና ጣቢያና በወቅቱ የሚደርስ የምዝገባ ገንዘብ ግን ዋጋው ሲወርድም ያገለግላሉ። የዘንድሮው የቡና ገቢ ለጅማ ምን እንዳተረፈ ሲመዘን፣ ከዶላሩ ቁጥር ጎን በጥቅምት ወር በሰርቦ፣ በየቡና በአጋሮ ትምህርት ቤቶች በልተው ክፍል የተገኙት ሴቶች ልጆች ቁጥርም አብሮ መቆጠር ይኖርበታል።